የጣልያን ዘመን አያትን ፍለጋ፦ የትኛው መንገድ ለማን ያዋጣል?

እናት ወይም አባት በጣልያን ዘመን፣ አለዚያም ጣልያን በወጣ ማግስት ተወልደዋል። መታወቂያቸው ላይ ያለው የአባት ስም የእናታቸው አባት ወይም የእንጀራ አባታቸው ስም ነው። ስለ ወላጅ አባታቸው የሚነገረው «ሾፌር ነበር»፣ «መንገድ ይሠራ ነበር»፣ «ማሬሻሎ ይሉት ነበር» ከሚል አያልፍም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ቤተሰቦች በጎንደር፣ በጅማ፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባና በአሥመራ አሉ። የልጅ ልጆቹ ዛሬ ፍለጋ ሲጀምሩ አማራጩ ይበዛባቸዋል። አንዱ ምራቁን በብልቃጥ ልኮ የዘረመል ውጤት ይጠብቃል፣ ሌላው ሮም ድረስ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሦስተኛው «ፋይሉን አወጣልሃለሁ» ላለው ሰው ገንዘብ ይከፍላል።

ሦስቱም ሊሳካላቸው ይችላል፤ ሦስቱም ከስረው ሊቀሩ ይችላሉ። ወሳኙ ነገር የመረጡት መንገድ በእጃቸው ካለው መረጃ ጋር መግጠሙ ነው። ከመነሻው መታወቅ ያለበት ደግሞ ይህ ነው፦ የጣልያን መንግሥት ዜጋውን ከልደት እስከ ሞት መዝግቦታል፤ ሴት አያትዎን ግን አያውቃቸውም። ስለዚህ ከአንድ የተለየ ሁኔታ በቀር (ወደ ታች እመጣበታለሁ) የጣልያን መዝገብ ቤት «ይህ ሰው የእርስዎ አያት ነው» ብሎ አይመልስልዎትም። ማያያዣው፣ ማለትም ቦታውና ጊዜው፣ ያለው በእናት ወገን ትውስታ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

መንገዶቹን የማነጻጽረው በአምስት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ ለመነሳት ምን ይጠይቃል? ሙሉ ስምና የትውልድ ከተማ የሚጠይቅ አለ፤ ምንም ስም የማይጠይቅም አለ። ሁለተኛው፣ ምን ያረጋግጣል? ሰውየው በ1938 ጎንደር እንደነበረ ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው፤ አያትዎ መሆኑን ማረጋገጥ ሌላ። በዚህ ጉዳይ በቤተሰብ መካከል የሚነሳው ክርክር አብዛኛው ሁለቱን ከማምታታት የመጣ ነው። ሦስተኛው ወጪው፣ አራተኛው የሚፈጀው ጊዜ ነው። አምስተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፦ በሌላ ሰው ላይ ምን መዘዝ ያመጣል? ሰውየው አገሩ ተመልሶ አግብቶ ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህም ምስጢሩን ለሰባና ሰማንያ ዓመት ይዘው የኖሩ ሰዎች በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ።

የልደት ዓመቱ መንገዱን ይመርጥልዎታል

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የእናትዎን ወይም የአባትዎን የልደት ጊዜ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይመልሱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት ዓመት ይደመራል። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በእነርሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። በዘመኑ የጣልያን ወረቀቶች ላይ ከዓመቱ ጎን ሌላ የሮማ ቁጥርም ያያሉ፤ ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ጀምሮ የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው። «ዓመት 15» የሚለው ከኦክቶበር 1936 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1937 መጨረሻ ያለውን ጊዜ ያመለክታል።

ይህን ያህል ስለ ዓመቱ የምጨቀጭቀው ሕጉ በየጊዜው ስለተለዋወጠ ነው። ጣልያን ኤርትራን በጃንዋሪ 1890 ቅኝ ግዛቴ ብላ ካወጀች በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ መቀበል ይችል ነበር። በ1933 የወጣው የኤርትራና የሶማሊያ ሕግ አባታቸው ላልታወቀ ክልሶችም ዜግነት የሚያገኙበትን በር ከፍቶ ነበር። በኤፕሪል 1937 ግን ከ«ተገዢ» ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣ ድንጋጌ ወጣ። በሜይ 1940 የወጣው ሕግ ደግሞ አባት ክልስ ልጁን እንዳይቀበል ጭራሹን ከለከለ።

ስለዚህ በ1920ዎቹ አሥመራ ወይም ከረን ለተወለደ ሰው ሰነድ መፈለግ ተገቢ ነው። ከ1937 እስከ 1941 ጎንደር ወይም ጅማ ለተወለደ ሰው ግን ሰነድ አለመኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ አባትየው ስሙን ቢያስመዘግብ ወህኒ ሊወርድ ይችል ነበር። «ወረቀት የለም፣ እንግዲያው ውሸት ነው» የሚሉ ዘመዶች ካሉዎት ይህን ይንገሯቸው።

ልጁ የተወለደው በ1941 መጨረሻ ወይም በ1942 ከሆነ ሌላ ፍንጭ ይገኛል። ከረን ማርች 27፣ አምባላጌ ሜይ 19፣ ጅማ ጁን 21፣ ጎንደር ኖቬምበር 27 ቀን 1941 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ አርበኞች እጅ ወድቀዋል። በእነዚያ ቦታዎች የነበረ ወታደር ብዙውን ጊዜ ምርኮኛ ሆኖ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ህንድ ተልኳል። ምርኮኛ ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ላስገባ። «ከጣልያን ጋር መጣ» የተባለ ሁሉ ጣልያናዊ አይደለም። በወራሪው ጦር ውስጥ ከኤርትራ፣ ከሊቢያና ከሶማሊያ የተመለመሉ ብዙ ሺህ ወታደሮች ነበሩ፤ በከተሞቹም የግሪክ፣ የአርመንና የየመን ነጋዴዎች ይኖሩ ነበር። የልጁ መቅላትና የጸጉሩ መለስለስ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ሽማግሌዎችና የቤት ዕቃ

ወጪ የለውም፣ መነሻም አይጠይቅም፣ ግን ጊዜው እያለቀ ያለ መንገድ ነው። በ1933 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናዎቹን አጋምሷል። ስለዚህ የዓይን ምስክር ብቻ መፈለግ ያስመልጣል፤ ከሴት አያትዎ አፍ የሰሙትን ይፈልጉ። የክርስትና ልጃቸው፣ የማኅበር ጓደኛቸው፣ አብራ ቡና ትጠጣ የነበረች ጎረቤት ከገዛ ልጆቻቸው የበለጠ ታውቅ ይሆናል፤ ለልጅ የማይነገር ነገር ለጎረቤት ይነገራልና።

አጠያየቁ ዋናው ነገር ነው። «አባቱ ማን ነበር?» ብለው ከጀመሩ በሩ ይዘጋል፤ ጥያቄው የሴትየዋን ክብር ይነካል፣ «ባንዳ» የሚለውን የቆየ ስድብም ይቀሰቅሳል። ስለ ሰፈሩ ይጠይቁ። «እትዬ፣ ያኔ የእማማ ቤት በየት በኩል ነበር?» ሲባል መልሱ «ከጋራዡ ጀርባ፣ መኪኖቹ ከሚታጠቡበት» ሊሆን ይችላል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከስም ይበልጣል፤ ሰውየውን ከአንድ የጭነት መኪና ክፍል ጋር ያገናኘዋልና። ካምፕ፣ ወፍጮ፣ እንጨት መሰንጠቂያ፣ ሆስፒታል፣ የመንገድ ሥራ ጣቢያ፣ ሁሉም እንዲህ ያገለግላል።

ስም ከተገኘም ማበጠር አለበት። «ማሬሻሎ» እና «ካፒታኖ» ማዕረግ ናቸው፣ «ጂኦሜትራ» የቀያሽ ሙያ ነው፣ «ካፖ» አለቃ ማለት ነው። ፒኖ እና ቤፔ አብዛኛውን ጊዜ ጁዜፔ፣ ጂጂ ደግሞ ሉዊጂ ናቸው፤ ጂኖም ብዙ ጊዜ ሉዊጂ ነው። በመዝገብ ላይ «ፒኖ» ብለው ቢፈልጉ አያገኙትም። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቤተሰብ ስም የሚጠብቀውን ፊደል ስለማያሳይ «ሮሲ» የተባለውን በአንድም በሁለትም «ስ» መሞከር ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍ ካለ ጀርባውን ይዩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን፣ የአንገትጌው ምልክት የጦር ክፍሉን፣ የመኪናው ታርጋ ግዛቱን ሊናገር ይችላል። ደብዳቤ ከተገኘማ ትልቅ ዕድል ነው፤ «ፖስታ ሚሊታሬ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በዚያ ወቅት የትኛው የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ያገለግለው እንደነበር ያሳያል።

የዚህ መንገድ ድክመት ትውስታ ከጊዜ ጋር መለወጡ ነው። በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ተራው ወታደር ከጊዜ ብዛት ኮሎኔል ይሆናል፤ ሹመቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፣ ወደ ታች የወረደ አልሰማሁም። ስለዚህ የሰሙትን ሁሉ ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ይጻፉ፣ ከተቻለም ድምፅ ይቅዱ፤ ማመኑን ለኋላ ያቆዩት።

የሚሲዮን መዝገቦች

ልጁ በካቶሊክ ሚሲዮን ከተጠመቀ ወይም በመነኮሳት አዳሪ ቤት ካደገ ይህን መዝለል አይገባም። በአሥመራ ካፑቺኖች፣ በጎንደር ኮምቦኒዎች፣ በጅማና በከፋ ኮንሶላታዎች ይሠሩ ነበር። የጥምቀት መዝገቡ ቀኑን፣ የልጁንና የእናቱን ስም፣ የክርስትና አባትና እናትን ይይዛል። በአባት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ «ኤን ኤን»፣ ማለትም ስሙ ያልታወቀ። ተስፋ ቆርጠው ገጹን አይዝጉት፦ የክርስትና አባቱ ጣልያናዊ ከሆነ ሙሉ ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱም የአባትየው ባልደረባ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ ዛሬ በአጥቢያው፣ በሀገረ ስብከቱ ወይም አውሮፓ ባለው የማኅበሩ ማዕከል ሊሆን ስለሚችል በአካል መጠየቅ ከደብዳቤ ይሻላል። የልጁ ቀን በትክክል የሚገኝበት ቦታ ስለሆነ ብቻውን እንኳ ድካሙን ይክሳል።

የትውልድ ከተማውና የውትድርና መዝገቡ

ሙሉ ስም፣ ግምታዊ የልደት ዓመትና የትውልድ አካባቢ ካለዎት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ብዙዎች «እኛ የምንፈልገው ሾፌር ነው፣ ወታደር አይደለም» ብለው ያልፉታል፤ ያጣሉ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ጣልያናዊ ወንድ ለምልመላ በትውልድ ቦታው ይመዘገብ ነበር። ለሥራ የመጣው መንገድ ሠሪ፣ መካኒክና ግንበኛም በምልመላ ዝርዝሩ («ሊስታ ዲ ሌቫ») ላይ ስሙ አለ፤ ያገለገለ ከሆነም የአገልግሎት ወረቀት («ፎሊዮ ማትሪኮላሬ») አለው።

ይህ ወረቀት ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። በላይኛው ክፍል የተመልማዩ ስም፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ ሙያው፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ይሰፍራል። በጎን በኩል የሰውነቱ መግለጫ አለ፦ ቁመቱ በሜትርና በሴንቲሜትር፣ የጸጉሩና የዓይኑ ቀለም፣ ጥርሱ፣ የሚታይ ጠባሳ ካለው ጠባሳው። ከዚህ በታች አገልግሎቱ በቀን በቀን ይዘረዘራል፦ የተጠራበት ቀን፣ የተመደበበት ክፍል፣ በኔፕልስ መርከብ የተሳፈረበት፣ ምጽዋ የወረደበት፣ ማዕረግ ያገኘበት፣ ታሞ የተኛበት፣ የተማረከበት፣ የተሰናበተበት። ሽማግሌዎቹ «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው» ብለው ከሆነ እዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ምጽዋ የወረደበት ቀን ከልጁ ልደት በኋላ ከሆነ ደግሞ ሰውየው አይደለምና ፍለጋው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው።

የአገልግሎት መዝገቦቹ የሚገኙት በየአውራጃው ባለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት («አርኪቪዮ ዲ ስታቶ») ነው። የተደራጁት በልደት ዓመትና በውትድርና ወረዳ ስለሆነ ስም ብቻ ይዞ መጠየቅ አያዋጣም። በጣልያንኛ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፤ ስሙን፣ የልደት ዓመቱንና ቦታውን፣ የአባቱን ስም ካወቁት ይጥቀሱ። ለቅጂው የሚጠየቀው ክፍያ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ከዚያ በፊት ግን «አንቴናቲ» የተባለውን የጣልያን መንግሥት ነጻ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ የብዙ አውራጃዎች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ፣ የአንዳንዶቹም የምልመላ ዝርዝር በፎቶ ተነስቶ ተቀምጧል። «ፋሚሊሰርች» የተባለውም በነጻ ብዙ የጣልያን መዝገብ ያሳያል።

የትውልድ ከተማው አስተዳደር («ኮሙኔ») ደግሞ የልደት መዝገቡን ይይዛል። የሚጠይቁት ሙሉውን ቅጂ ይሁን፤ በኅዳጉ ላይ በኋላ የተጨመሩ ማስታወሻዎች አሉና። ጋብቻውን፣ አንዳንዴም የሞተበትን ከተማና ዓመት የሚያገኙት እዚያ ነው። መዝገቡ ሰባ ዓመት ካለፈው ሙሉ ቅጂው ለማንኛውም ጠያቂ ይሰጣል፤ በ1910 ወይም በ1915 ለተወለደ ሰው ይህ ችግር የለም። መልሱ ከአንድ ኮሙኔ በሳምንት፣ ከሌላው ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ትንንሾቹ መንደሮች ከትልልቆቹ ከተሞች ይልቅ ደግና ፈጣን ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ሰውየውን ነው የሚያረጋግጠው፣ ዝምድናውን አይደለም።

የሮም ትልልቅ ቤተ መዛግብት፣ ምርኮኞችና ግዞተኞች

የቀድሞው የአፍሪካ ሚኒስቴር መዛግብት በጣልያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታሪካዊ ክፍል፣ የጦሩ ደግሞ በጦር ኃይሉ የታሪክ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። ሰውየው መኮንን፣ የመንግሥት ሹም ወይም የታወቀ ነጋዴ ካልነበረ ለጀማሪ አልመክርም። የተራ ወታደር ስም የሚገኘው በዕድል ነው፤ በአካል መሄድና ጣልያንኛ ማንበብም ይጠይቃል።

ከላይ የጠቀስኩት የተለየ ሁኔታ እዚህ ጋር ነው። በ1937ቱ ድንጋጌ የተከሰሱ ጣልያናውያን ነበሩ፤ ፍርዱም በጽሑፍ አለ። ቅኝ ገዢው ራሱ ጣልያናዊውንና አብራው የኖረችውን ሴት ባንድ ገጽ ላይ የጻፈበት ሰነድ ቢኖር የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ «ታስሮ ነበር» የሚል ወሬ ካለ ለዚህ ሲባል ሮም መሄድ ያስኬዳል።

ሰውየው ተማርኮ ከሆነ በጄኔቫ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ቤተ መዛግብት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርኮኞችን መረጃ ይዟል፤ የሚቀበለው ጥያቄ ብዛት ግን የተወሰነ ስለሆነ መቼ እንደሚከፈት መከታተል ያስፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ ዞንደርዋተር የነበሩትን ጣልያናውያን መታሰቢያ የሚጠብቅ ማኅበርም አለ።

የሚፈልጉት አያት ጣልያናዊ ሳይሆን በጣልያን የተጋዘ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የሮም መዛግብት ከሁሉ ይቀድማሉ። ከየካቲት 12 በኋላ በርካታ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ወደ ጣልያን ተወስደው በአዚናራ ደሴት፣ በመርኮሊያኖ፣ በሎንጎቡኮና በቲቮሊ ተቀምጠዋል፤ ሌሎች በሶማሊያ ዳናኔና በዳህላክ ኖኩራ ታስረዋል። ለእነዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክርን፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን፣ የአርበኞች ማኅበርንም መጠየቅ ይገባል። ተቋሙ ያለበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ግቢ ነው።

የዘረመል ምርመራ

ስም ለሌለው ፈላጊ ይህ ብቸኛው መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝምድናን የሚያረጋግጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን ሰዎች የሚገዙበት ምክንያትና የሚጠቅምበት ምክንያት ይለያያል። የሚገዙት በካርታ ላይ «ይህን ያህል በመቶ ደቡብ አውሮፓ» የሚለውን ለማየት ነው። ይህ መቶኛ አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይሠራል፦ አያትየው ደቡብ አውሮፓዊ፣ ሰሜን አፍሪካዊ ወይም የአፍሪካ ቀንድ ሰው መሆኑን ይለያል። ከአያት የሚወረሰው ሩብ ያህል፣ ከቅድመ አያት ደግሞ ስምንተኛ ያህል ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ትልቁ ጥቅም ግን የዘመዶች ዝርዝሩ ላይ ነው። ሰውየው አገሩ ተመልሶ ቢወልድ ልጆቹ የእናትዎ የአባት ወገን እኅትና ወንድሞች ናቸው፤ የልጆቹ ልጆች ከእርስዎ ጋር ስድስት በመቶ ያህል ይጋራሉ። ይህ መጠን ምንም ጥርጥር የማያስገባ ዝምድና ነው። ችግሩ እነርሱም ምርመራውን ማድረግ አለባቸው። በተግባር መጀመሪያ የሚገኘው አሜሪካ ወይም አርጀንቲና የሚኖር የጣልያን ስደተኛ ዘር፣ ሩቅ የአጎት ልጅ ነው። እርሱ ሰውየውን አያውቀውም፤ አያቶቹ የመጡበትን መንደር ግን ያውቃል። መንደሩ ከተገኘ ወደ ኮሙኔውና ወደ ውትድርና መዝገቡ መሄድ ይቻላል።

ሦስት ምክሮች አሉኝ። አንደኛ፣ በሕይወት ካሉት ለሰውየው የሚቀርበውን ሰው ያስመርምሩ፤ እናትዎ ካሉ እርስዎ ሳይሆኑ እርሳቸው፣ ከእርስዎ እጥፍ ይዘዋልና። ሁለተኛ፣ የተወለደው ልጅ ወንድ ከሆነና እርሱም ወንድ ልጅ ካለው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ማከል ይቻላል። ሦስተኛ፣ «አንሴስትሪ» የተባለው የምርመራ ድርጅት ከሌላ ቦታ የተገኘ ውጤት ስለማይቀበል ከእርሱ ጀምሮ ጥሬ ውጤቱን እንደ «ጌድማች» ወዳሉት ውጤት ማነጻጸሪያ ድረ ገጾች መጫን ያዋጣል።

ዋጋው በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ ይዞ መምጣትና ናሙናውን ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። ፈረንሳይ ያሉ ወገኖች ይህን ምርመራ በራስ ፈቃድ ማዘዝ በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ይወቁ። መረጃው የት እንደሚደርስም ያስቡበት፤ «ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ» የተባለው የምርመራ ድርጅት በማርች 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የሚሊዮኖች የዘረመል መረጃ ዕጣ አነጋጋሪ ሆኖ ነበር። ደግሞም ውጤቱ ያልጠየቁትን ይመልሳል፦ ከእኅትዎ ጋር አባትዎ አንድ አለመሆኑን የሚያውቁት በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ተከፋይ አጣሪ

ጣልያን ውስጥ የሚኖር የዘር ሐረግ አጣሪ በአካል መዝገብ ቤት ገብቶ ያያል፤ የሚጠቅመው ስምና አውራጃ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መቅጠር ለአጣሪው በከንቱ ደመወዝ መክፈል ነው። ከመክፈልዎ በፊት የትኛውን መዝገብ፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት እንደሚያይ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ባያገኝ እንኳ ያየውን የሚዘረዝር ዘገባና የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። «ፋይሉ አለኝ፣ ቀሪውን ስትልኩ አሳያችኋለሁ» የሚል ካጋጠመዎት ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

| መንገድ | ለመነሳት የሚያስፈልገው | የሚያረጋግጠው | ወጪ | ጊዜ | መዘዝ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሽማግሌዎችና የቤት ዕቃ | ምንም | ቦታና ዘመን፣ በግምት | የለም | ሳምንታት | የቤተሰብ ቅያሜ |
| የሚሲዮን መዝገብ | የልጁ ስምና አጥቢያ | የልደት ቀን፣ እናት፣ አንዳንዴ አባት | ዝቅተኛ | እንደ ቦታው | ቀላል |
| ኮሙኔና ውትድርና መዝገብ | ሙሉ ስም፣ ዓመት፣ ቦታ | የሰውየው ማንነትና ጉዞ | ዝቅተኛ | ከሳምንት እስከ ወራት | ቀላል |
| የሮም ቤተ መዛግብት | ስም፣ ማዕረግ ወይም ክስ | ሹመት፣ ቅጣት፣ ግዞት | ጉዞና ማረፊያ | ወራት | ቀላል |
| የዘረመል ምርመራ | ምንም ስም አያስፈልግም | ዝምድናን | መካከለኛ | ውጤቱ ሳምንታት፣ ዘመድ ማግኘቱ ዓመታትም | ከባድ |
| ተከፋይ አጣሪ | ስምና አውራጃ | እንደ ውሉ | ከፍተኛ | እንደ ውሉ | እንደ አጣሪው |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለው፣ ኢንተርኔት ግን ላለው ሰው ሽማግሌዎቹና «አንቴናቲ» ይበቃሉ፤ ሙሉ ስም ከተገኘም አንድ ኢሜይል ለመንግሥት ቤተ መዛግብት። ስም ጨርሶ ለሌለውና አንድ ኪት መግዛት ለሚችል፣ ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፋውን ሰው ዛሬውኑ ያስመርምር፤ ዘመድ እስኪገኝ ናሙናው ይጠብቃል፣ አዛውንቱ ግን አይጠብቁም። ሁለቱንም ለሚችል ቅደም ተከተሉ ሽማግሌ፣ ምርመራ፣ መዝገብ፣ በመጨረሻም አጣሪ ነው። በ1920ዎቹ በኤርትራ ለተወለደ ሰው ብቻ የሚሲዮኑን መዝገብ ከምርመራው አስቀድማለሁ።

ፍለጋው ለፓስፖርት ከሆነ ቆም ይበሉ። ጣልያን በማርች 2025 ባወጣችውና በሜይ ሕግ ሆኖ በጸደቀው ድንጋጌ ውጭ አገር ለተወለዱ ሰዎች በዘር የሚገኘውን ዜግነት በጥቅሉ በወላጅና በአያት ላይ ወስናዋለች፤ ቅድመ አያት ያላቸው በአብዛኛው ወጥተዋል። አያት ያላቸውም ቢሆኑ የደም ዝምድና ብቻ አይበቃቸውም፤ አባትነቱ በሕግ የታወቀ መሆን አለበት። በፖስታ የሚላከው የዘረመል ኪት ናሙናው የማን እንደሆነ በባለሥልጣን ፊት ስለማይረጋገጥ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚከፈለው የዜግነት ጠበቃ ለአንድ ምክክር ነው።

ጣልያን ያሉ ዘመዶች ከተገኙ ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭር ይሁን፣ በጣልያንኛ ይጻፍ። ስለ ውርስም ሆነ ስለ ዜግነት ምንም እንደማይጠይቁ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይግለጹ። የሰውየውን የአገልግሎት ወረቀትና የእናትዎን የወጣትነት ፎቶ አያይዙ፤ የዘረመል ውጤቱን አይላኩ፣ እስኪጠይቁ ያቆዩት። ደብዳቤው ለሰውየው መበለት ሳይሆን ለልጅ ልጆቹ ይድረስ። መልስ ካልመጣ ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ሦስተኛ አይጻፉ።